አካል ይረሳል፣ ልማድ ያደፍጣል

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አድማጮቼ፣ ወደ ዛሬው ርዕስ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ባላችሁበት ሆናችሁ ስሙኝ ብቻ። ከፊቴ አንድ ሎሚ አለ፤ ልጣጩ የሳሳ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ገና ከጉሊት የመጣ። በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንዱን ግማሽ አነሣሁና ጨው ነሰነስኩበት፤ ሚጥሚጣም ትንሽ ጣል አደረግሁ። አሁን ወደ አፌ ወስጄ ጭምቅ አድርጌ መጠጥኩት።

እሺ። አፋችሁ ምራቅ አልሞላም? ከጆሯችሁ ዝቅ ብሎ፣ መንጋጋ ሥር፣ ቆንጠጥ ያደረጋችሁ ነገር የለም? ሎሚ ግን የለኝም። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው አንድ ብርጭቆ ውሃና ይህ የማነበው ወረቀት ነው። ምራቃችሁን የጠራው «ሎሚ» የሚለው ቃል ነው። ሎሚ ቀምሶ ለማያውቅ ሕፃን ይህንኑ ብነግረው ዓይን ዓይኔን ያየኛል እንጂ ምንም አይሆንም።

የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ነው። በስፖርቱም በሥነ ልቦናውም ሰፈር «ኮንዲሽኒንግ» ይሉታል። የእግር ኳስ አሠልጣኝ «ልጁ ኮንዲሽን ላይ አይደለም» ካለ፣ 60ኛው ደቂቃ ላይ እግሩ ይከዳዋል ማለቱ ነው። የሥነ ልቦና መምህር ያንኑ ቃል ይዞ ክፍል ሲገባ ደግሞ ስለ ውሻና ስለ ምራቅ ያወራል። ተማሪው «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በእኛ ቋንቋ ግን መልሱ ግሱ ውስጥ ተቀምጧል። «ለመደ» በሉ። ስታዲየም ገብቶ የሚያልበው ሰው ልምምድ ላይ ነው። ሲጋራው አልለቅ ያለው ልማድ ይዞታል። ሃያ ዓመት የሠራው ልምድ አለው፤ ከቆላ ደጋ የወጣው አየሩን እስኪላመድ ያለከልካል። ፈረስ የሚገራውም ያላምዳል። ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። አባቶቻችን ቤተ ሙከራ ሳይገቡ ነገሩን አንድ ቦታ አስቀምጠውልናል።

ወይፈን ሲገራ ያየ ሰው ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ማሳ ላይ አይቷል። ወይፈኑ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። መጀመሪያ ቀንበር ሲያርፍበት ይፈራገጣል፣ ይተኛል፣ ትልሙን ያጣምማል። አዋቂ ገበሬ በዚያን ቀን ደረቅ መሬት አያሳርሰውም፤ ለስለስ ያለ መሬት ላይ ጥቂት አዙሮት ይፈታዋል። ሲውል ሲያድር ጫንቃው ይደነድናል፣ ትንፋሹም ይረዝማል። ሌላም ነገር ይመጣል፦ መጀመሪያ ያንቀሳቅሰው የነበረው ቆዳው ላይ ያረፈው ጅራፍ ነው፤ በኋላ ግን ጅራፉ አየር ላይ ጯ ሲል፣ ገና ሳያርፍበት፣ እግሩን ያነሣል። የጫንቃው መደንደን የስፖርት ሰዎቹ የሚሉት ኮንዲሽኒንግ ነው። በድምፅ ብቻ መነሣቱ የሥነ ልቦናዎቹ ነው። በሬው ግን አንድ ነው።

ይህን ሁለተኛውን በቤተ ሙከራ መዝኖ ያሳየን ሰው ባሕርይ አጠናለሁ ብሎ የተነሣ አልነበረም። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1849 ሪያዛን በምትባል የሩሲያ ከተማ ከቄስ ቤት ተወለደ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እሱም የክህነት ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ትቶት ወደ ሳይንስ ሄደ። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ለዓመታት ያጠናው የምግብ መፈጨትን ነው። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው እንጂ፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ደወል ሲሰሙ ምራቃቸው በሚወርድ ውሾች አይደለም።

የውሻውን የምራቅ ቱቦ በትንሽ ቀዶ ጥገና ወደ ጉንጩ ውጭ ያወጣና ጠብታ ይቆጥራል። ምግብ አፍ ሲገባ ምራቅ መምጣቱ ማንንም አይገርምም። ያስቸገረው ምግቡ ሳይመጣ የሚዝረበረበው ነው። ውሻው ምግብ የሚያቀርብለትን ሰው ሲያይ፣ ኮቴውንም ሲሰማ፣ ምራቁ ይወርዳል። ለሙከራው ይህ ንጹሕ እንቅፋት ነበር። ፓቭሎቭ እንቅፋቱን ራሱን ያዘና ቀሪ ዕድሜውን ሰጠው።

ሜትሮኖም የሚባል፣ ሙዚቀኞች ምት የሚጠብቁበት፣ ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያ አለ። እሱን ያሰማል፤ ወዲያው ምግብ ያቀርባል። ይህን ደጋግሞ ካደረገ በኋላ አንድ ቀን ሜትሮኖሙን ብቻ ያሰማል። ምራቁ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ድምፁ ቀድሞ ምግቡ መከተል አለበት። ምግቡ ቀድሞ ድምፁ ቢከተል ውሻው እምብዛም አይማርም፤ ድምፁ የሚያበሥረው ነገር የለማ።

(የሙቀጫ ድምፅ፤ ጥቂት ሰከንድ)

ይህንን ድምፅ ሰማችሁት? ከጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ራስ ምታታችሁ ቀለል ያለላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቡናው ገና ጀበና ውስጥ አልገባም። አልተጠራችሁም ይሆናል። ሰውነታችሁ ግን ሙቀጫ ምን እንደሚያስከትል ከልጅነት ጀምሮ ሲማር ኖሯል።

ሌላኛው የመማሪያ መንገድ በተከታዩ ውጤት ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ያሳተመው ጥናት ስለ ድመቶች ነው። የተራበች ድመት ሳጥን ውስጥ ትዘጋለች፤ ውጭ ምግብ አለ። ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ በአጋጣሚ መክፈቻውን ትነካና ትወጣለች። ደግማ ስትገባ ትንሽ ትፈጥናለች፤ ውሎ አድሮ ገብታ ወዲያው ትከፍተዋለች። ማንም አላስተማራትም፤ የጠቀማት ነገር ቀረ፣ ያልጠቀማት ረገፈ። የእኛ ሰው ይህን በአንድ መስመር ጨርሶታል፦ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ጦጣዋ ማሳ በገባች ቁጥር እሸት ካገኘችና አንድ ቀን ማሳው ባዶ ከሆነባት ቶሎ ተስፋ ትቆርጣለች። አንዳንዴ አግኝታ አንዳንዴ ካጣች ግን በቀላሉ አትተውም። ይህንን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦችና በአይጦች አረጋግጦታል፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ያስለመደው ነገር ለመተው እጅግ ይከብዳል። ከትኬቱ አንድ ጨዋታ ብቻ ስቶበት «በአንዱ ተበላሁ» እያለ በማግስቱ ውርርድ ቤት የሚሰለፈውን ወጣት አስቡት። ሁልጊዜ ቢከስር ኖሮ ይተወው ነበር። ስልኩን በየሦስት ደቂቃው የሚከፍተው ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ጡንቻና ልብ እንሂድ።

ሰውነት ቆጣቢ ነው። ያልተጠየቀውን አያዘጋጅም። በመደበኛነት የሚሮጥ ሰው ሰውነቱን «ይህን ያህል ኦክሲጅን አምጣ» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ ክፍል መጠን ይጨምራል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይበዛል፤ ስለዚህ እረፍት ላይ ብዙ መምታት አያስፈልጋትም። የብዙ ሰው ልብ እረፍት ላይ በደቂቃ 70 ጊዜ ገደማ ስትመታ፣ የረጅም ርቀት ሯጮች ዘንድ ከ50 በታች መውረዷ የተለመደ ነው። በጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ኃይል የሚመረትባቸው ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት የሕዋስ ክፍሎችም እንዲሁ። እንጦጦ ላይ፣ ሱሉልታ ወይም በቆጂ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛ ሆርሞን ይለቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በድካምና በእረፍት መፈራረቅ ነው። ሩጫው ያፈርሳል፤ ጥገናው የሚካሄደው ከእረፍትና ከእንቅልፍ ጋር ነው። ወይፈኑን በቶሎ የሚፈታው ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ጀማሪውን በመጀመሪያው ሳምንት አስመልሶ ካልሰደደው የማይረካ አሠልጣኝ ግን አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምር። ክብደት ማንሣት የጀመረ ሰው ክንዱ ገና ሳይወፍር ጉልበቱ ይጨምራል። በእነዚያ ሳምንታት በዋናነት የሚማረው ነርቩ ነው፤ የትኛውን የጡንቻ ክር መቼ እንደሚጠራ። እዚህ ላይ ጂምናዚየሙና የፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ግድግዳ ይጋራሉ።

ግድግዳው ጭራሽ የጠፋበትን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አካባቢ ባደገበት የገጠር ቀዬ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ሄዶ መመለስ፣ እየሮጠ፣ ደብተሩን በግራ ክንዱ ታቅፎ። መንገዱ ልቡንና ሳንባውን ሠራው። በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። አሁን የድሮ ፊልሞቹን ፈልጉና ግራ ክንዱን ብቻ ተመልከቱ። ከቀኙ ይልቅ ታጥፎ ወደ ደረቱ ተጠግቷል። ደብተር የለም፤ ትምህርት ቤትም የለም። ክንዱ ግን ያኔ እንደለመደው ነው። የልቡን ብቃት ለማቆየት ዕድሜውን ሙሉ በየማለዳው ሲነሣ የኖረ ሰው ነው፤ ክንዱን ግን እንደዚያ እንዲሆን ያስለመደው አሠልጣኝ የለም።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ልምዶች የሚለያዩት፤ ለእኔ የርዕሱ ዋና ነገርም ይህ ነው። አመጣጣቸው አንድ ነው፣ በድግግሞሽ። አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ብቃት እንዴት እንደሚሄድ ካሳዩ ጥናቶች አንዱ የተደረገው ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ በ1966 ነው። ዕድሜያቸው 20 ገደማ የሆነ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። አልጋ ላይ ብቻ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም አቅሙ በአማካይ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኩዋቸው። ሃምሳ ዓመት ደፍነዋል፣ ወፍረዋል። ያም ሆኖ የ30 ዓመት እርጅና ያወረደው አቅም፣ ያኔ ሦስት ሳምንት የአልጋ ቁራኛ መሆን ካወረደው ያነሰ ነበር! ቀስ በቀስ የሚጨምር የስድስት ወር ልምምድ ሠሩ፤ አማካይ አቅማቸውም በ20 ዓመታቸው፣ አልጋ ከመያዛቸው በፊት ወደነበረው ተመለሰ።

አልጋ ላይ ያለ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ይህንን ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ቁጭ ብድግ ማለት እንኳ ዋጋ አለው።

የተማርነው ባሕርይስ? ፓቭሎቭ ሜትሮኖሙን እያሰማ ምግቡን አስቀረ። ጠብታው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጠፋ ማለት ነው? ውሻውን ለጥቂት ሰዓታት አሳርፎ ሜትሮኖሙን ሲያሰማው ምራቁ ተመልሶ መጣ፤ በመካከል አንድ ጉርሻ ምግብ እንኳ አልተሰጠውም። የተማረው አልተፋቀም፤ ተሸፍኖ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ1924፣ ያኔ ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው በሴንት ፒተርስበርግ፣ የኔቫ ወንዝ ሞልቶ የውሾቹ ማደሪያ ድረስ ገባ። ውሾቹ እየዋኙ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሠራተኞቹ ደርሰው አዳኗቸው። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረስተው ተገኙ። ጊዜ ወስዶ ተመለሰላቸው፤ እንደ ድሮውም ሆኑ። ከዚያ ፓቭሎቭና ረዳቶቹ አንዱን ውሻ ሙከራ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ እንዲገባ አደረጉ። ውሻው እንደገና ተረበሸ። ጎርፉ ከከተማው ከወጣ ቆይቷል፤ ከውሻው ግን አልወጣም።

ለዚህ ነው ሁለት ወር ያረፈ ሯጭ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲጋራ ካቆመ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ግን ቡና ሲቀርብለት እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ የሚሄደው። ያ ሰው ፈቃደ ደካማ አይደለም፤ አትስደቡት። ቡናው የእሱ ሜትሮኖም ሆኖ ነው። ልማዱን ሊያዳክም የፈለገ ሰው ከራሱ ጋር ከሚታገል ይልቅ ለጊዜው ቡናውን ሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ጋር ቢጠጣ ብዙ ይቀለዋል።

ነገሩን ገልብጠን ብንጠቀምበትስ? ብቃት ከዳተኛ ነው፣ ልማድ ደግሞ ግትር። እንግዲያው ግትሩን ለከዳተኛው ዘበኛ አድርገን እንቅጠረው። ማለዳ በመስቀል አደባባይ ያለፈ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በእነዚያ ረጃጅም ደረጃዎች ላይ ወዲያና ወዲህ ከሚመላለሱት ውስጥ ሻምፒዮን የሚሆነው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ከሥራ በፊት የሚመጡ ናቸው። አንዱን ሰውዬ ጠይቄው ነበር፣ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ኮፍያ የደፋ። «ጋሼ፣ ብርዱ አያስቀርዎትም?» አልኩት። «ልጄ፣ ጫማዬን ካሠርኩ በኋላ እግሬ እኔን አይጠይቀኝም» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

የእሱ ጫማ ማሠር የፓቭሎቭ ሜትሮኖም ነው። ቋሚ ሰዓት፣ ቋሚ ቦታ፣ ቋሚ ምልክት። ከምልክቱ በኋላ ደስ የሚል ነገር ቶሎ መከተል አለበት፤ «ከስድስት ወር በኋላ ትቀጥናለህ» የሚለው ተስፋ ለዚህ ይርቃል። የሚያጫውት ጓደኛ፣ መንገድ ላይ ብቻ የሚሰማ የሬዲዮ ዝግጅት፣ ከሩጫው በኋላ የምትጠጣ ትኩስ ሻይ ይሻላሉ። መነሻውም ትንሽ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አሥር አሥር ደቂቃ ለልማዱ ይበቃዋል። የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ አቁሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከእኔ ስህተት ደግሞ ተማሩ። አንድ ጊዜ ማለዳ ለመሮጥ ብዬ በጣም የምወደውን ዘፈን የስልኬ መቀስቀሻ አደረግሁት። በደስታ እነሣለሁ ብዬ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በሐምሌ ብርድ፣ በየቀኑ። በወሩ ሩጫውን አልወደድኩትም፤ ዘፈኑን ግን ጠላሁት። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ያ ዘፈን ሲመጣ ሰው ሁሉ ለእስክስታ ሲነሣ እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል። ሩጫውን የቀጠልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጫማዬን በሩ ሥር ማሳደር ስጀምር ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ፍርሃት እንዴት እንደሚለመድ እናወራለን፤ መርፌ ተወግቶ የሚያውቅ ሕፃን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲያይ ለምን እንደሚያለቅስ። እስከዚያው አንድ ውለታ ዋሉልኝ፦ ሬዲዮውን ስትዘጉ ጫማችሁን ከአልጋ ሥር አውጡና በሩ አጠገብ አሳድሩት።

ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)